እንዴት ይሁንልህ?

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መቀስ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት እጇ ላይ ያለው መቀስ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያወጣላት ምላሷ ነው። ፀጉር ቤቷ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የሚሽከረከር ወንበር አላት፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ በፕላስተር የተለጠፈ፤ ከዚያ አንድ መስታወት፣ አንድ መደርደሪያና ተረኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ በቃ። ባሏ ሲሞት የተወላት ይህን ወንበርና ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነው። ጥርሷን ነክሳ ሁለቱንም ያዘች።

ከዚያ ደንቡ መጣ። ደንቡ ማለት በቃ ደንቡ ነው፤ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ሰው ሁሉ ግራጫ ካፖርት ይልበስ አለ፤ ለበሱ። በአንድ ደወል ተነሡ፣ በአንድ ደወል ተኙ አለ፤ እሺ አሉ። ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ይግቡ አለ፤ እናቶች እንባቸውን ዋጥ አድርገው ሰጡ፣ እትዬ መቀስም ሰጠች። በመጨረሻ ፀጉር ላይ መጣ። ወንድ የተባለ ሁሉ በቶንዶስ፣ ዙሪያውን እኩል፣ በአንድ ቁመት ይቆረጥ ተባለ። ሁሉም አንድ ከሆነ መስታወት ምን ያደርጋል ብለው የእሷንም ነቅለው ወሰዱት፤ ግድግዳው ላይ ቦታው ነጣ ብሎ ቀረ። ወይ ጉድ! ሰው የገዛ ፊቱን እንኳ እንዳያይ!

በነጋታው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጎረቤቷ አናጢው ነበር። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረችለትና እንደ ወትሮዋ፣ «እንዴት ይሁንልህ?» አለችው።

አናጢው ዞር ብሎ አያት። «እትዬ፣ አልሰማሽም እንዴ? ሁሉም አንድ ሆኗል እኮ።»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ አልደነቆረም። የጠየቅኩት አንተን ነው።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እኔ ምን አውቄልህ? ጭንቅላቱ የማን ነው?» ቶንዶሱን አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሳልጠይቅህ ራስህን አልነካም። በግ አይደለም የምሸልተው!»

አናጢው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና አሰበ። «እንግዲያው ጎን ጎኑን አሳጥሪና ከላይ ተይልኝ። እንደ ሠርጌ ዕለት።»

«እሺ የኔ ጌታ» አለችው። ከዚያም በደንቡ ቁመት ሙልጭ አደረገችው። ምን ታድርግ? አናጢው ግን መንገዱን ሲሻገር አናቱን እየዳበሰ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር። ሠርጉ ትዝ ብሎት ነዋ።

ወሬ እግር አለው። ሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ «ዛሬ ምን ልበላት?» እያለ ማሰብ ጀመረ። አንዱ እስከ ትከሻዬ ይውረድ ይላል። ሌላው ድሮ እናቱ ታበጥርለት እንደነበረው በጎን እንዲከፈልለት ይለምናታል። የዳቦ ቤቱ መላጣ ደግሞ «ዛሬስ ተጠቅልሎልኝ ልውጣ» ብሎ ቤቱን በሳቅ ይገለብጠዋል፤ እሷ ምንም ሳይመስላት «ከፊት ብቻ ነው ወይስ ከኋላም?» ትለዋለች። ሁሉም ተራ በተራ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ግን ተጠይቆ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለች ሴት ከየት ትገኛለች! አልጮኸች፣ ድንጋይ አልወረወረች፣ እንዲያው የለመደችውን መጠየቅ አልተው አለች እንጂ።

ልጇ ከአዳሪ ቤት ሲወጣ የደንቡ ተቆጣጣሪ ሆነ። መልኩ ቁርጥ አባቱ ነው። ያ ለካልሲ ቀለም እንኳ ተጣልቶ ቤት የሚያተራምስ ልጅ፣ አሁን የሰጡትን ይለብሳል፣ ቁጭ በል ሲሉት ይቀመጣል። አንድ ከሰዓት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ጥያቄውን ተይው። የበላዮቹ ሰምተዋል። ነገ አለቃዬ ራሱ ይመጣል፤ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሊፈትንሽ ነው። ከጠየቅሽኝ ወንበሩን ይወስዱታል።»

«ይውሰዱታ!»

«እባክሽ እማዬ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እህልም አይገባበትም!»

ልጁ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን ገታ አድርጎ ሄደ። እትዬ መቀስ አፏ ደፋር ይሁን እንጂ ሆዷ ፈርቷል። ያ ወንበር ከባሏ የቀራት ነው፤ የምትበላውም ከእሱ ነው። ለአንድ ቀን ዝም ብል አልሞትም ብላ ቆረጠች።

በማግስቱ አለቃው መጥቶ በሩን ሞልቶ ቆመ። አግዳሚው ላይ አናጢውና ሌሎች ተረኞች ተቀምጠዋል። ልጇ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጨርቁን አሰረችለት፣ ቶንዶሱን አነሣች፣ አንገቱን ጎንበስ አደረገችው። አናቱ ላይ ያ የሕፃንነቱ ሽክርክሪት አለ፤ አልጠፋም። ስታጥበው በጣቷ የምትከተለው ሽክርክሪት። ይህን ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ምን ትፈልጋለህ ያለው ሰው አለ? ዝም እላለሁ ያለችውን ረሳችው።

«እንዴት ይሁንልህ፣ ልጄ?»

ልጁ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። መስታወቱ የነበረበትን ግድግዳ አየ፣ እጆቹን አየ። አለቃው የመጣበትን አግኝቷልና መልሱን ይጠብቃል። ልጁ ግን አለቃውን ፈርቶ አልነበረም ዝም ያለው።

«አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ፣ እኔ እኮ አላውቅም።» ፊቱ ገበያ መሐል የጠፋ ሕፃን ፊት ሆነ።

«ግድ የለም» አለችው። «አስብበት። እጠብቅሃለሁ።» ቶንዶሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ሄዳ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አናጢው ጠጋ አለላት።

«ምንድን ነው የሚጠበቀው?» አለ አለቃው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ልጁን ያያሉ። ያኔ ተቆጣና ወንበሩን ከወለሉ አስፈታው። በአንድ ወገን ይዞ ያወጣው ልጇ ነበር።

እሷንም የሚመረጥ ነገር የሌለበት ቦታ ትሥራ ብለው የሕዝብ ምግብ ቤት አስገቧት፤ ሾርባ ቀጂ ሆነች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ፀጉሩ ላይ እንደሆነ እውነትም ምርጫ አልነበረም። ሾርባ ግን ላይና ታች አለው! ላዩ ቀጭንና ትኩስ ነው፤ ድንቹ ከታች ተኝቷል። ደንቡ ለአንድ ሰው አንድ ጭልፋ ይላል እንጂ ከየት ይጨለፍ አይልም። እትዬ መቀስ የመጀመሪያው ቀን ሽርጧን አሰረች፣ ጭልፋውን አነሣች፣ ፊቷ የቆመውን አየች።

«ከላይ ነው ከታች?»

ወረፋው ቀጥ አለ። አናጢው ከኋላ አንገቱን አስግጎ «ከታች፣ እትዬ! ለእኔ ከታች!» ብሎ ጮኸ። ተራው ሲደርስ የጠየቀውን አገኘ፤ ሳህኑን ይዞ ድንቹን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለድንች!

ልጇ ወንበሩን ካወጣ ወዲህ ዝር አላለም ነበር። እሷም አልወቀሰችውም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና ትል ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቀና ስትል ሳህን ይዞ ወረፋው ውስጥ ቆሟል። ተቆጣጣሪዎች የሚበሉት ሌላ ቦታ ነው፤ እሱ ግን ተራውን ጠብቆ ፊቷ ደረሰ። ከስቷል።

«ከላይ ነው ከታች?» አለችው።

ልጁ ሳህኑን ድስቱ አጠገብ አስቀመጠ። 

«ከፊቱ ትንሽ ረዘም ቢልልኝ፣ እማዬ» አለ በመጨረሻ። «ጎን ጎኑ ይጠር። ከኋላው... ከኋላው እንኳ ግድ የለኝም።»

ጭልፋው እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ በሽርጧ ጠረገችው። ከዚያ በድስቱ ላይ ተንጠራርታ ግንባሩ ላይ ሁለት ጣቷን አሳረፈች።

«ይህን ያህል?»

«ትንሽ ጨምሪበት።»

«እሺ የኔ ጌታ» አለችው። «ሾርባውስ?»

«ከታች» አለ ልጇ።