ኦክስጅን ትሰርቂያለሽ ያልኳት እናት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። ከአእምሮዬ አልጠፋ ያለው ባስታወስኩት ቁጥር ስለሚያስቀኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፊቴን በኀፍረት ስለሚያግለው ነው።

እኔ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሰላም ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር በሄደበት ሰሞን አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። «እታለም፣ ሶልያና አልጠባም ብላለች። ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል፣ ቶሎ ድረሽልኝ» አለች።

ሶልያና ያኔ የአምስት ወር ልጅ ነበረች። የጀመርኩትን ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ እኔም ትንፋሽ አልነበረኝም። ልጅቷን ገልጬ ሳያት ግን የራሴን ረሳሁት። አየር በሳበች ቁጥር ጎድኗ ስር ያለው ቆዳ ስርጉድ ይላል። በፎጣ ጠቅልለን፣ ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ብሮንኪዮላይትስ ነው አለን። በጉንፋን ምክንያት ሳንባዋ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች አብጠው በአክታ ተዘግተዋል ማለት ነው። ከባድ መድኃኒት አላዘዘላትም። «ራሷ እስክታገግም በኦክስጅን እናግዛታለን» አለ። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተደረገላት፣ እግሯ ላይ ደግሞ ቀይ መብራት ያለው ነገር ታሰረ። አጠገቧ ያለው ማሽን በደሟ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በቁጥር ያሳያል።

በሦስተኛው ቀን ሶልያና ትንሽ ሻል አላት። ሰላም ከገባች ጀምሮ ገላዋን አልታጠበችም ነበርና፣ እኔ ልጠብቅ ብዬ በግድ ወደ ቤት ላክኋት። በር ላይ ደርሳ ተመለሰችና «እታለም፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ ከሰው ጋር እንዳትጣዪ» አለችኝ። እኔ መቼ ከሰው ተጣልቼ አውቃለሁ ብዬ ተቆጣኋት።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ግን ቆፍጠን ያለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ውሃ ያለበት ጠርሙስ እያሳየች፣ «እትዬ፣ ኦክስጅኑ በዚህ አልፎ ነው ወደ ልጅቷ የሚሄደው። ውሃው መንተክተኩን ካቆመ ወይም ቁጥሩ ከዘጠና ከወረደ ወዲያው ይጥሩኝ» አለችኝ።

ከግድግዳው የሚመጣው አየር ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ በእኛ ጠርሙስ ወደ እኛ፣ ሌላው በሌላ ጠርሙስ ወደ ጎረቤት አልጋ ይሄዳል። እዚያ አልጋ ላይ ከአብነት ሰፈር የመጣች ዘይነባ የምትባል ወጣት እናት ወንድ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እስከዚያ ድረስ በጣም ተግባብተን ነበር።

የተሰጠኝ ወንበር የብረት ነው፣ ጠባብ። እኔ ደግሞ ሞላ ያልኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ጋቢዬን አጣጥፌ የሶልያና አልጋ ጠርዝ ላይ አደረግኩና እላዩ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ጠርሙሱን አየሁ። ውሃው ቀጥ ብሏል።

ደነገጥኩ። ብድግ ብዬ «ነርስ!» ልል አፌን ስከፍት ውሃው መንተክተክ ጀመረ። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ። ቆመ። ተነሳሁ። ተንተከተከ።

ያኔ የዘይነባን ጠርሙስ አየሁት። የእሷ ምንም ሳያቋርጥ ይንተከተካል። ነገሩ ገባኝ፤ ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። ስቀመጥ አየሩን ወደ ልጇ ትስባለች፣ ስነሳ ፈርታ ትለቃለች!

ለማረጋገጥ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ውሃው ቆመ። ከዓይኗ ዓይኔን ሳልነቅል ቆየሁ። እሷ ምስኪን ፈገግ አለችልኝ። እኔ ግን ፈገግታዋን የሌባ ፈገግታ ነው አልኩ። በዚህ መሃል ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ቁጥሩ ሰማንያ ስምንት ላይ ነው።

ነርሷን መጥራት ሲገባኝ ዘይነባ ላይ ጮህኩባት። «አንቺ! ልጄን ልትገድያት ነው? የእኛን ኦክስጅን ልቀቂ!»

«የቱን ኦክስጅን?» አለች ግራ ተጋብታ።

«የምትሰርቂውን ነዋ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ልጄን እያጠባሁ ነው። በምኔ ነው የምሰርቀው?»

የክፍሉ እናቶች በሙሉ ዞረው ያዩን ጀመር። አንዷ «በጡጦ ቀድታ ወስዳ ይሆናል» ብላ ሳቀች። ነርሷ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ ልጅቷን አየች፣ ከዚያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ እኔን።

«እትዬ፣ እስቲ ይነሱ።»

«አልነሳም! ስነሳማ ትለቀዋለች። ስቀመጥ ነው የምትወስደው፣ ቁጭ ብዬ ላሳይሽ!»

ነርሷ ክንዴን ይዛ ብድግ አደረገችኝና ጋቢዬን ገለጠች። የሶልያና ቱቦ እዚያ ነበር፣ እንደ ሪባን ተጨፍልቆ። ቀጥ አድርጋ አሸት አሸት ስታደርገው ውሃው ተንተከተከ። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ዘጠና አራት ገባ፣ ማሽኑም ዝም አለ። ሶልያና እንኳን አልነቃችም።

ክፍሉ በሳቅ አበደ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘይነባን ይቅር በዪኝ ልላት ስሄድ እንባዬ መጣ። እሷ ልጇን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጄን ጨበጠችኝና በለሆሳስ «ተዉት እትዬ። እኔ የመጣሁ ቀን ባሌን አላስገባም ያለውን ዘበኛ በጫማ መትቼዋለሁ። ኋላ ሳጣራ ዘበኛ አይደለም፣ ራሱ የልጆቹ ሐኪም ነው» አለችኝ።

«የእኛ ሐኪም?»

«አዎ። አሁንም ሲያየኝ መጀመሪያ የሚያየው እግሬን ነው።»

ሁለታችንም አፋችንን አፍነን እስኪያመን ሳቅን።

ሶልያና ከሁለት ቀን በኋላ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ቻለችና ወጣን። ዛሬ የኮንዶሚኒየሙን ኮሪደር በዳዴ ታካልለዋለች። ከዘይነባ ጋር አሁንም እንጠያየቃለን፤ የልጇንም የዓመት በዓል ልብስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

ታሪኩን በሰው ፊት ሳወራ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። ያቺ ሕፃን አየር ያጣችው እኔ በጣም ስለምወዳት አጠገቧ ተጠግቼ ስለተቀመጥኩ ነበር። ያኔ ደግሞ ከራሴ በቀር ሁሉንም ጠርጥሬ ነበር።