ካኪውን ቀለም የነከርንበት ቅዳሜ

በእኛ ትምህርት ቤት ሥራ የሚሰጠው ለሚችል ሰው አይደለም፤ እንቢ ማለት ለሚከብደው ነው። ርዕሰ መምህሩ የስካውቱን ቡድን ሲያሸክመኝ «አንቺ ትዕግሥት አለሽ» አለኝ። የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ፤ ስለ ስካውት የማውቀው ልጆቹ አንገታቸው ላይ ሻርፕ እንደሚያስሩ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የመምህራን ተወካይ ተብዬ በወላጆችና በመምህራን ኅብረት ውስጥ ገብቼ ነበር። ስለዚህ ቡድኑን የምመራው እኔ፣ ቡድኑን በኃላፊነት ያዙልኝ ብዬ ኅብረቱን የምለምነው እኔ፣ ልመናውን ሰምቼ እጄን የማወጣውም እኔ ሆንኩ።

ኅብረቱን መሰብሰብ ምን እንደሚመስል እንጅባራን የሚያውቅ ያውቀዋል። በገበያ ቀን ነጋዴው አይመጣም፤ በበዓል ቀን ገበሬው አይመጣም፤ ዝናብ ከጣለ ማንም አይመጣም፤ እዚህ አገር ደግሞ ዝናብ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ ተቀጣጥረን ከቀረን በኋላ ሊቀ መንበሩ ነገሩን ቆረጡት። በከተማችን በኮሶበር ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውም ከስካውቶቹ አንዷ ነበረች። «ልጆቹን ኅብረቱ ይያዛቸው፤ የደንብ ልብሱን ጨርቅ እኔ እችላለሁ» አሉና አንድ ጣቃ ካኪ ሰጡ። ሳይሸጥ የከረመ ጨርቅ መሆኑ አልጠፋንም፤ ግን ጠንካራ ነበርና አመስግነን ተቀበልን።

ልብሱ ተሰፍቶ ሲመጣ ልጆቹ ሌላ ልጆች ሆኑ። ጠዋት ሰልፍ ያስከብራሉ፣ በገበያ ቀን ትንንሾቹን አስፋልት ያሻግራሉ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለችውን ምንጭ ይጠርጋሉ። የእኔም ልጅ አብሯቸው ነበር። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ከ«እሺ» እና ከ«አልፈልግም» በቀር ቃል የማይወጣው ልጅ ሸሚዙን ራሱ ማጠብ፣ ሱሪውን ፍራሽ ሥር እያስተኛ መስመር ማስያዝ ጀመረ። አይቼ ደስ አለኝ፤ ካመሰገንኩት ይተወዋል ብዬ ግን ዝም አልኩ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ትምህርት ይቋረጣል፣ ይጀመራል። የዳንግላ ሚኒባስ ዛሬ ወጣ ወይ፣ አልወጣም ወይ የሚለው የጠዋት ሰላምታችን ሆነ። በዚያ መካከል አንድ ቀን፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ ልጆቹ ምንጯን ጠርገው ሲመለሱ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሟቸው። የየትኛው ወገን እንደነበሩ መናገሩ ዛሬ ለማንም አይጠቅምም። «ይህን ልብስ ማን አለበሳችሁ? የማን ናችሁ?» አሏቸው። ልጄ «የትምህርት ቤት ስካውት ነን» ብሎ መለሰ። መልሱ አልበቃቸውም፤ ወንዶቹን ጭቃ ላይ አስቀመጧቸው። ሊቀ መንበሩ ወሬው ሲደርሳቸው ሱቃቸውን እንደተከፈተ ጥለው በባጃጅ ደረሱ። «ጨርቁን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁ» አሏቸው። ከብዙ ልመና በኋላ ልጆቹ ተለቀቁ። እኔ ነገሩን የሰማሁት ልጄ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤት ሲገባ ነው። እዚያው በር ላይ አስቁሜ የተመታ እንዳለው ሰውነቱን ዳበስኩት።

በማግስቱ ኅብረቱ ተሰበሰበ። ያን ቀን ማንም አልቀረም። ሁሉም ቡድኑን ሊያፈርስ የመጣ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ቢፈርስ ግልግል ነበር። ግን ከገጠር በፈረስ የሚመጡ አንድ ገበሬ አባት፣ ከአማርኛ ይልቅ አዊኛው የሚቀናቸው፣ ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጆቹ አላጠፉም። የተጠላው ጨርቁ ነው። ለጨርቅ ብለን ልጆቹን ለምን እንበትናለን?» አሉ። አዲስ ልብስ ለማሰፋት አቅም አልነበረም። «እንግዲያው ቀለም እንንከረው» አሉ ሊቀ መንበሩ። ቀለም የሚሸጡትም እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ከኋላ የሳቀ ነበር።

የቀለሙን ክርክር ያህል ያደከመኝ ስብሰባ የለም። አረንጓዴ ተባለ፤ እሱማ የወታደር ነው፤ ከካኪውም ይብሳል ተባለ። ሰማያዊ ተባለ፤ የፖሊስ ነው። ቀይ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጥቁር ሲባል አንዲት እናት «ልጄን በቁሙ ከል አላለብሰውም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ተነሣች። ለካ ባለቤት የሌለው ቀለም የለም። በመጨረሻ ገበሬው አባት «የማንም ያልሆነ ምን ቀረ?» ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ «ሐምራዊ አለኝ፤ የሚገዛው ጠፍቶ የቀረ» አሉ። በሐምራዊ ተስማማን። ማናችንም ወደነው አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ በርሜል ጣድን። ገበሬው አባት ፈረሳቸው ላይ እንጨት ጭነው መጡ፤ እናቶች ጨውና ቀለሙን በጠበጡ። ልጆቹ ልብሳቸውን አጣጥፈው እያመጡ አስረከቡ። ከበርሜሉ የወጣው የመጀመሪያ ሸሚዝ አንዱ ጎኑ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ፣ ሌላው ጎኑ ምን እንደሆነ የማይለይ ነበር። ልጄ ብቻ ካኪውን እንደለበሰ ቆሟል።

«አውልቅ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም።»

«ታዲያ ለምን እደብቀዋለሁ? ያላጠፋ ሰው አይሸማቀቅም ብለሽ ክፍል ውስጥ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?»

ብያለሁ። ሰሌዳ ላይም ጽፌዋለሁ። ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ እኔን ያያል። ሊቀ መንበሩ «ልጄ፣ እናትህን ስማት» አሉት፤ ድምፃቸው ግን እሳቸውንም ያሳመናቸው አይመስልም።  ደክሞኝ ነበር፤ ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

«መምህርትህ ሆኜ አይደለም» አልኩት። «እናትህ ነኝ፤ ፈርቻለሁ። አውልቅልኝ።»

 የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። የእንጅባራ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ በካኔተራ ቆሞ ሸሚዙን ለእኔ ሳይሆን ለገበሬው አባት ሰጣቸው። እሳቸውም ተቀብለው በበትራቸው ወደ ቀለሙ ደፈቁት።

ኅብረቱ ልጆቹን አልተወም፤ ቡድኑም እስከ ዛሬ አለ። ይህን ስናገር ሰዎች ጎበዞች ናችሁ ይሉናል። እኔ ግን የማስበው ቀለም ከነከርን በኋላ ስለመጣው ሰኞ ነው። ሰልፉን ሁልጊዜ ከፊት ሆኖ የሚመራው ልጄ ነበር። ያን ቀን ከፊት ፈለግሁት፤ የለም። ማንም ሳያዘው መካከል ገብቶ፣ ከእሱ በሚረዝም ልጅ ጀርባ አንገቱን አቀርቅሮ ቆሟል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለለበሱ እሱን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። እኔ እናቱ እንዲህ ካጣሁት ሌላው በምን ይለየዋል ብዬ አሰብኩና ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ ድካም ልጄ አንገቱን ደፍቶ በመሰወሩ የተሰማኝ ደስታ ድካም ነው።