ገና ያልተወለደ ሰርተፍኬት

በመንዝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በልደት ምዝገባ ቢሮ የአይሲቲ ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተማርኩት ስለ ቀዩ ገጽ ነበር። መዝጋቢዋ እትዬ አስካለ የምዝገባውን ድረ ገጽ በብሮውዘር ሲከፍቱ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። አላነበቡትም። ከታች «ለማንኛውም ቀጥል» የሚለውን ተጫኑና «ይኸውልሽ፣ እንዲህ ነው የሚታለፈው» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ተቃራኒውን ነበር። ሰርተፍኬት የድረ ገጽ መታወቂያ ነው፤ ካልታመነ የሰው ስምና የትውልድ ቀን አይሞላበትም። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ዓይነ አፋር ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት የምዝገባውን ድረ ገጽ ከሚያስተዳድረው ማዕከል ደብዳቤ መጣ። መረጃው ሲላክ ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው አሮጌ የምስጠራ ዘዴ ሊቋረጥ ስለሆነ ብሮውዘሮቻችሁን አድሱ ይላል። አራቱንም ኮምፒውተሮች በፍላሽ እየጫንኩ አደስኩ። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ «ብቻ ሥራ እንዳይቆም» አሉኝ።

ቆመ። ለውጡ በጀመረበት ሰኞ ጠዋት ቀዩ ገጽ እንደ ልማዱ መጣ፤ «ቀጥል» የሚለው ግን የለም፤ አዲሱ ዘዴ ማለፊያ አይፈቅድም።

«ማለፊያውን የት አደረግሽው?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ዕቃቸውን እንደ ሰረቅኳቸው ሁሉ።

ከፊታችን ከቀየት መንደር የመጡት መሪጌታ ይፍሩ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ደብረ ብርሃን ለነርስነት ትምህርት የምትመዘገብበት የመጨረሻ ቀን ነው። የልደት ሰርተፍኬቷን በስድስት ሰዓቱ ሚኒባስ ካላደረሱላት ዓመቱ ያልፋታል።

«ነካክተሽ አበላሸሽው! የድሮውን መልሺ» አሉኝ አቶ ደምሴ።

የድሮውን ብመልስ ማዕከሉ አይቀበለውም። ስለዚህ ማንም አንብቦት የማያውቀውን ትንሹን ጽሑፍ አነበብኩ። የድረ ገጹ ሰርተፍኬት የሚሠራበት ጊዜ ገና አልጀመረም ይላል። የኮምፒውተሩን ቀን አየሁ። በአራቱም ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ነበር፤ ለእኔም ልክ ስለመሰለኝ ልብ አላልኩትም።

«ቀኑ... ቀኑ ስህተት ነው» አልኩ።

«ምን ስህተት አለው? ለደብዳቤ እንዲመች ራሴ ነኝ የሞላሁት!» አሉ እትዬ አስካለ። አቶ ደምሴም የግድግዳውን ካላንደር አሳዩኝ።

«የድረ ገጹ ሰርተፍኬት የተሰጠው በፈረንጅ ቀን ነው።» ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። «ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቷል። ለእሱ ሰርተፍኬቱ ገና...»

«ገና አልተወለደም!» አሉ መሪጌታ ብድግ ብለው። የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያስተምሩ ናቸው። «ይህች ባለሙያችሁ ልክ ናት። ሳይወለድ የልደት ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው እናንተስ ታምናላችሁ?»

እትዬ አስካለ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዕድሜ ቀንሰው የሚመጡ ሞልተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም!»

ቀኑን አስተካከልኩ። ገጹ ያለ ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። መሪጌታ የታተመውን የልጃቸውን የልደት ሰርተፍኬት በነጠላቸው ሸፍነው ሲወጡ ሚኒባሱ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። አመሻሽ ላይ ደወሉልኝ፤ ልጃቸው ተመዝግባለች።

አሁን የኮምፒውተሮቻችን ቀን በፈረንጅ ነው፤ የኢትዮጵያውን ደብዳቤው ላይ ራሳችን እንጽፋለን። እትዬ አስካለም ቀይ ገጽ ሲመጣባቸው እጃቸውን ከማውሱ ያነሱና «ነይ እስቲ፣ ምን እንደሚል እንየው» ይሉኛል።

ማስጠንቀቂያ ከመታለፉ በፊት ይነበባል። እኔም ያወቅሁትን በመጀመሪያው ቀን መናገር ነበረብኝ።