ስለ ከተማችን ያልተጻፈው

ነገሌ ቦረና ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ሳለሁ የከተማዋን አቀማመጥ፣ ሕዝብና ታሪክ የሚያስተዋውቅ ትንሽ መጽሐፍ እንዳዘጋጅ ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ታዘዝኩ። ደስ አለኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጦር ካምፑ አጠገብ ነው፤ አባቴ ወታደር ነበር።

ስለ ቀዩ አፈርና ስለ ግራሩ ሜዳ ለመጻፍ ሁለት ቀን በቃኝ። ስለ ሰዉ ለመጻፍ ግን የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ ዞርኩ። የቦረና ሽማግሌዎችን ከተማው ሳይቆረቆር ከብቶቻቸውን የት ያጠጡ እንደነበር ጠየቅኩ። በመጨረሻ የቀድሞ ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ሄድኩ። ደርግ ወድቆ ካምፑ ባዶ ሲቀር፣ ወታደር የነበሩት ባላቸው በሞያሌ መንገድ በእግራቸው ወጥተው በዚያው ቀሩ። እሳቸው ከቦረና ሴቶች ወተት እየተቀበሉ ቸርችረው፣ ኦሮምኛውንም እዚያው ገበያ ለምደው፣ ሦስት ልጆች አሳደጉ።

«ይህን ሁሉ ትጽፈዋለህ?» አሉኝ።

«እጽፈዋለሁ፣ እማማ።»

ረቂቁን ያየው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የእማማ ታሪክ ያለበትን የካምፑን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች ሰረዘው።

«እነዚህ መጥተው የሄዱ ናቸው» አለኝ።

«የቀሩም አሉ። እኔም እዚያ ነው የተወለድኩት።»

«መምህር፣ ያንተን ታሪክ ጻፍ አላልንህም።»

ሥራውን ጥዬ መውጣት እችል ነበር። ግን ስሜ ሽፋኑ ላይ ሊወጣ ነው፤ ምዕራፉን አውጥቼ ረቂቁን መለስኩ።

መጽሐፉ ሲታተም አንዱን ለእማማ ወሰድኩላቸው። ማንበብ አይችሉም። «የኔን አንብብልኝ» አሉ። አንዱን ገጽ ገልጬ የነገሩኝን በቃሌ አወራሁላቸው። አለቀሱ። ገጹ እንዳይጠፋቸው ጥጉን እንዳጥፍላቸው ለመኑኝ፤ አጠፍኩላቸው።

ከወራት በኋላ ሞያሌ የምትኖረው ልጃቸው እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጋኝ መጣች። መጽሐፉን ይዛለች።

«ይሄ ገጽ ስለ ግመል እርባታ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየገለጠች ታሳያለች። ያነበበው ሁሉ ዝም ብሏታል።»

«ነገርሻቸው?»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

መጽሐፉን በቦርሳዋ ከትታ ሄደች። ለእናቷ መልሳ ሰጥታቸው እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በእማማ በር አላልፍም፤ ገበያ የምወጣው በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው።