የፈታሹ ቀጭን ሰይፍ

ስሜ አስገር ነው፤ መተዳደሪያዬ ቧንቧ ጥገና። በጋ ሲመጣ ግን እዚሁ ጁትላንድ፣ የባሕር ወሽመጡ ዳር ሜዳ ላይ በሚደረገው የድሮ ጦርነት ትርኢት፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ወታደር እሆናለሁ። የብረት ጥሩር ለብሼ፣ ራስ ቁር ደፍቼ፣ ጋራዤ ውስጥ ራሴ የቀጠቀጥኩትን ሰይፍ ይዤ የፊተኛው ረድፍ ላይ እቆማለሁ። ድል አድርጌ አላውቅም፤ አዘጋጆቹ ሁልጊዜ የሚመድቡኝ ከሚሸነፉት ጋር ነው።

ዘንድሮ ቀኝ ትከሻዬ ታመመ። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ ሲለኝ የመታጠቢያ ገንዳ መሸከም ወዲያው ተውኩ። ሰይፉን መተው ግን አልሆነልኝም። ከፊተኛው ረድፍ ከወጣሁ ማን ነኝ? የተደፈነ ሽንት ቤት የሚከፍት ሰውዬ። ስለዚህ ሞረዴን አንስቼ ሰይፉን ማቅለል ጀመርኩ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያልኩ እንደ ሸምበቆ አቀለልኩት።

ችግሩ የቡድናችን የጦር መሣሪያ ፈታሽ እኔው መሆኔ ነው። ከውጊያው በፊት ሁሉም ይሰለፋል፤ እኔም የአምስት ክሮነር ሳንቲም ከየስለቱ ጎን አስጠጋለሁ። ከሳንቲሙ የቀጠነ ስለት ሰው ይቆርጣልና አይገባም። የፈታሹን ሰይፍ ደግሞ በዕለቱ መጀመሪያ ሰይፍህ አይገባም ተብሎ የተመለሰው ሰው ይፈትሻል። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ፍትሐዊ መስዬ ልታይ ብዬ።

መላው ቀላል ነበር፤ ዘንድሮ ማንንም አለመመለስ። ሶልቬይ የምትባል የአውቶቡስ ሾፌር እስክትመጣ ድረስም ተሳካልኝ። የእሷ ሰይፍ ጠርዙ ተሸራርፎ ጥርስ አውጥቷል። ዝም ልል ነበር፤ ግን ያ ጥርስ የሚያርፍበትን ሰው ሳስበው አንጀቴ እምቢ አለ።

«ሞርደሽ ነይ» አልኳት።

«እሺ ጌታዬ! በል ያንተን ወዲህ በለው።»

«የኔን ተይው፣ ተለክቷል።»

«ማን ለካው?»

«እኔ።»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ሳንቲሙን ከእጄ ነጥቃ አስጠጋችው።

«አስገር! ይሄ እኮ ቢላዋ ነው። ወስደህ ዓሣ ክተፍበት!» ብላ ቀና ስትል ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትከሻህ ነው አይደል? ቅድም ጋሻውን ስታነሳ አይቼሃለሁ። ምናለ ብትነግረን፣ አንተ ግትር!»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አፈርኩ፣ እንባዬም መጣ። በትከሻዬ እንዳላሳብብ፣ ያን ሰዓት ጭራሽ አላመመኝም።

በሰይፉ ፈንታ ባልዲ ሰጡኝ። ራስ ቁር የለ፣ ጥሩር የለ፣ መላጣዬ እያበራ በተዋጊዎቹ መሀል ውሃ ሳድል ዋልኩ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በየዓመቱ ከገመዱ ማዶ ቆማ የምታየኝ ባለቤቴ ሊዝቤት እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

«ዛሬ ገና አየሁህ!» አለች። «ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኔ ስከተልህ ዋልኩ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ያንን ብረት ስትደፉ ሁላችሁም አንድ ናችሁ። የቱ እንደሆንክ ለይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ቤት ስንገባ ‹ጎበዝ ነበርክ› የምትዪኝ?»

«ምን ልበልህ» አለች መላጣዬን በመዳፏ እየጠረገች፣ «ደስ ይልህ ነበራ።»