ሰማያዊው አምፖል በአለም ገና መንገድ

ዛሬ ጠዋት ኮራላችን አዲስ ራስ አወጣ! ሽንብራ የምታክል፣ አረንጓዴ፣ ቆንጅዬ። ጩኸቴ እናቴን ከጓሮ አስሮጣት። ባለፈው ወር ሊሞትብኝ ነበርና ደስታዬን ዝም ብዬ መያዝ አልቻልኩም።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ የባሕር እንስሳ ነው፤ ያለ ብርሃን አይኖርም። ሰበታ ቤታችን ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ የሠራለት መርከበኛ የነበረው አጎቴ ነው። ጅቡቲ ሲሄድ ገንዳውን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ከዚያ የገበሬውን መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋ፣ እሱም እዚያው ቀረ። ስልኩ አይሠራም ነበር፣ ኢንተርኔትም አልነበረም። በዚያው ሳምንት ሜታል ሃላይድ የሚባለው የገንዳው ኃይለኛ አምፖል ተቃጠለ። በአምስተኛው ቀን ኮራሉ መገርጣት ጀመረ።

አሮጌውን አምፖል ይዤ እስከ አለም ገና በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ከፋብሪካና ከሆቴል የወጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ኦቦ ዳዲ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ።

«ይሄን ውሰጂ ልጄ፣ አራት መቶ ዋት ነው። ሜዳ ሙሉ ያበራል!» አሉኝ።

ልወስደው እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን አሮጌው ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል፤ ለአምፖሉ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ባላስታችንም ለዚያ ብቻ ነው። ሁለት ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ አወጡልኝ። አንዱ ቢጫ የሚያበራ የፋብሪካ አዳራሽ አምፖል ነው። ሌላው ላይ አሥር ሺህ ኬልቪን ተጽፏል። አጎቴ፣ «ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ኮራል የሚወደው እሱን ነው» ይለኝ ነበር።

«ይሄንንማ ማን ይገዛኛል? ሰውን ሬሳ ያስመስላል!» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«እስቲ ይሞክሩልኝ!»

ቀስ እያለ ሞቆ ሲበራ ጥርሳቸው ሳይቀር ሰማያዊ ሆነ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። በነፃ ሰጡኝና በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ። መንገድ የዘጉት ወጣቶች ለሰላም መምጣቴን እንዲያዩልኝ ደግሞ የወይራ ቅጠል አስያዙኝ።

ስመለስ መንገዱ ላይ ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች አስቆሙኝ። አንዱ «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» ብሎ ጨርቁን ሊገልጥ እጁን ሰደደ።

«በእጅህ እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ወደ ኋላ ዘለሉ። እሱ ራሱ ቦይ ውስጥ ገባ። «ፈንጂ ነው እንዴ?!»

ጥቅሉን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። «አምፖል ነው! የጣት ወዝ ከነካው ሲግል ይሰነጠቃል። ቤት የባሕር እንስሳ እየሞተብኝ ነው!»

ቦይ ውስጥ ያለው ልጅ ሳቁን ለቀቀው። «ሰዎች! እኛ ለመሬት ስንጮህ እሷ ለባሕር ትጮሃለች!»

አራት ሆነው እስከ ሰበታ መግቢያ ሸኙኝ። ሰው በተጠጋ ቁጥር «እንዳትነኩ!» እያሉ እንደ ሚዜ ያጅቡኛል።

አምፖሉን መጀመሪያ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ አበራሁት። የኮራሉ ቀለም ተመለሰ፣ ይኸው ዛሬ ደግሞ ወለደ። እነዚያ ቀናት ብዙ የሚያስፈራ ነገር ነበረባቸው። እኔ ግን ሳስታውሳቸው ቀድሞ የሚመጣልኝ የልጆቹ ሳቅ ነው።

ቦይ ውስጥ የገባኸው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ና፤ ስምህን እንኳ አልጠየቅኩህም። ሌሎቻችሁም በሰበታ ካለፋችሁ ከሰዓት በኋላ ጎራ በሉና ሕፃኑን ኮራል እዩልኝ። ስም አላወጣንለትም፤ እናንተ አውጡለት።