ታቦት የሌለው ምንጭ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ? እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልከበረበትም። አንዲት ሴት ዓይኗን ለመታከም ፈራች፤ ከዚያ ሦስት ሆነን ውሃ ፍለጋ ሄድን። ነገሩ ይኸው ነው። ግን የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴ ገና ሳያልቅ፣ ከትምህርቱ ሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ ያ ውሃ ስለሆነ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የምኖረው ኦክላንድ፣ ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ መሃል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካሸር ናት። ባለፈው ዓመት ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ሸፈናቸው። ሐኪሙ «ቀላል ኦፐሬሽን ነው» ብሎ ለቀኝ ዓይኗ ቀጠሮ ሰጣት። ቀኑ ሲቃረብ «ካንስል አድርጊልኝ» አለችኝ፤ ደውዬ አሰረዝኩላት። ሁለተኛውንም ቀጠሮ እንዲሁ። በዚህ መሃል ከሥራ ስትመለስ የአውቶቡሱን ቁጥር ማየት ስለማትችል፣ እያንዳንዱን ሾፌር እየጠየቀች ነበር የምትሳፈረው።

«አክስትዬ፣ ዓይንሽ ይጠፋል እኮ!» አልኳት አንድ ቀን ደረጃው ላይ።

«ይጥፋ! ጸበል ሳልጠመቅ ዓይኔን ለቢላዋ አልሰጥም።»

«አባታችን ውሃ እባርክልሻለሁ ብለውሽ የለ?»

«የቧንቧ ውሃ! ክሎሪን ክሎሪን የሚል! ጸበል ከምንጭ ነው የሚፈልቀው፤ ከቧንቧ ጸበል የት አይተሻል?»

ከእኛ በታች ባለው አፓርትመንት አንዲት አሮጊት አየርላንዳዊት ይኖራሉ። በልጅነታቸው ከአየርላንድ ገጠር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አክስቴ «እማማ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ትርጉሙን ሳይጠይቁ ተቀብለውታል። ጩኸታችንን ሰምተው በራቸውን ከፈቱና ምን እንደሆንን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

በሀገራቸው፣ አሉ፣ በየመንደሩ የተቀደሰ ምንጭ አለ። አንዱ ለጥርስ፣ አንዱ ለኪንታሮት፣ አንዱ ለዓይን። ልጅ ሳሉ እናታቸው ይዘዋቸው ይዞሩ ነበር። አንዳንዱ ምንጭ እሾህ ስለዋጠው፣ በዚያ የሚያርሰው ገበሬ ካልመራ በቀር አይገኝም። ይህን ለአክስቴ ተረጎምኩላት።

«ነጮችም ጸበል አላቸው?» አለች አክስቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ። «እስቲ ጠይቂልኝ፤ በልተው ነው የሚሄዱት?»

«በባዶ ሆድ፤ በባዶ እግርም ጭምር» አሉ እማማ።

አክስቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አመነቻቸው። እማማም አዲስ ሙሽራ ሳሉ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ባለ ሸለቆ ውስጥ፣ ሰው ለመታከም የሚሄድበት የምንጭ ውሃ እንዳዩ አስታወሱ። አክስቴ ሦስተኛ ቀጠሮ ነበራት። እኔ ሁሉንም ማስደሰት የምወድ ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ ቀጠሮው ለደወለችው የሐኪሙ ነርስም ለአክስቴም ለእማማም እሺ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ መኪናዬን አስነሣሁ።

መንገድ ላይ እማማ ብስኩት አወጡ። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ከጸበሉ በኋላ» አለች። እማማ አንዴ እሷን፣ አንዴ ብስኩቱን አይተው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። እሳቸውም ሳይቀምሱ ዋሉ።

ሸለቆው አሁን መናፈሻ ሆኗል። ምንጩ የት እንደሆነ ሥጋ የሚጠብስ አንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ጠየቅን። «አፍንጫችሁን ተከተሉ» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። ወንዙን ይዘን ትንሽ እንደሄድን የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ተቀበለን። ከገደሉ ሥር በድንጋይ የተሠሩ ትንንሽ ዋሻዎች አሉ። የመጀመሪያው ደርቋል። ቀጥሎ ያለው ግን ከድንጋዩ ሥር ቀስ እያለ ይፈስሳል። አጠገቡ «አይጠጣም» የሚል ማስታወቂያ ቆሟል።

እማማ አንገታቸው ላይ ካለው ሻርፕ ጫፍ ቀደዱና የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሰሩ።

«በስመ ሥላሴ!» አለች አክስቴ። «ዛፍ ላይ ጨርቅ? ይኼማ የአድባር ነገር ነው! ንገሪያቸው፣ ክርስቲያን እንዲህ አያደርግም።»

ትንሽ አለዝቤ ተረጎምኩት። እማማ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም ይሄዳል እንላለን። የመንደራችን ቄስ ግን ልክ እንደሷ ነበር የሚቆጡን።»

«ቄሳቸው ልክ ናቸው» አለች አክስቴ፤ ግን እሷም መሳቅ ጀመረች። ጫማዋን አወለቀች። ወደ ውሃው ጎንበስ ካለች በኋላ ድንገት ቀና አለች። «ቆይ፤ የማን ጸበል ነው? የማርያም ነው? የሚካኤል ነው?»

እማማ ጥያቄው ወዲያው ገባቸው። የእነሱም ምንጭ ሁሉ በቅዱሳን ስም ነው የሚጠራው። ዙሪያቸውን አዩ። «የማዘጋጃ ቤቱ ይመስለኛል» አሉ።

አክስቴ በባዶ እግሯ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አልሳቀችም። «ታቦት የሌለው ውሃ፣ ውሃ ነው። በከንቱ ደከማችሁ። ሰኞ ደውለሽ ካንስል አድርጊልኝ።»

ምን እንዳለች ለእማማ ነገርኳቸው። ሐኪሙ ከዚህ በላይ መቆየት ጥሩ እንዳልሆነ ነግሮኝ ነበር። እማማ አጠገቧ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ።

«እኛ ጋ መጀመሪያ የነበረው ውሃው ነው» አሉ። «ቅዱሱ በኋላ ነው መጥቶ የባረከው። ይሄኛው ገና ማንም ስላልመጣለት ነው።»

ተረጎምኩ። አክስቴ ጫማዋን መልሳ አደረገች። ከዚያ «መኪናሽ ውስጥ ጀሪካን አለ?» አለችኝ።

ራዲያተሩ ውሃ ስለሚጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን እይዛለሁ። አጥበን ሞላነውና በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘነው ሄድን። አባታችን ክዳኑን ሲከፍቱ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ ነው ወይስ እንቁላል?»

«አባቴ፣ የቧንቧ አለመሆኑን በዚህ ይወቁልኝ!» አለች አክስቴ።

እኔ ቀደም ብዬ ነርሷን ጠይቄ ስለነበር፣ አክስቴ ዓይን ውስጥ ምንም እንዳይገባ መከልከሉን ነገርኳቸው። «ትጨፍን፤ እኔ ከአናቷ ላይ አፈስሳለሁ» አሉ። በማርያም ስም ጸሎት አድርሰው ባረኩት፤ አፈሰሱላትም። እማማ ነጠላ ተውሰው ከኋላ ቆመው ነበር። ሽታው ከፀጉሯ እስኪለቅ ሰነበተ፤ ለሦስተኛው ቀጠሮ ግን ካንስል የሚል ቃል አልወጣትም።

ከኦፐሬሽኑ ማግስት የቀኝ ዓይኗ ፋሻ ሲነሳ እማማም አብረውን ሆስፒታል ነበሩ። አክስቴ በመጀመሪያ ያየችው እሳቸውን ነው። ጠጋ ብላ ትክ ብላ አየቻቸው።

«እማማ! ለካ ዓይንዎ ሰማያዊ ነው!»

ስተረጉምላቸው እማማ «እሷ ምን መስሏት ነበር?» አሉ።

«ቡናማ» አለች አክስቴ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «የኛ ሰው ይመስሉኝ ነበር።»

ለግራ ዓይኗ ቀጠሮውን ራሷ ደውላ ያዘች፤ በራሷ እንግሊዝኛ፣ እኔ ኮሌጅ ትምህርት ላይ ሳለሁ። የሁለተኛው ዓይኗ ፋሻ የተነሳው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1996 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3፣ የበዓታ ለማርያም ዕለት።